ምን ጠፋባችሁ?

በመንዝ ደጋ ሰው በእግሩ የሚሄድባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ፀበል አለ፣ የወረዳ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለ፣ የሰው ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሆኖ መሄድ አለ፣ የጠፋ ከብት ፍለጋም አለ። ከነዚህ ውጪ ጀርባው ላይ ቦርሳ አዝሎ፣ ዱላ ይዞ ግን የሚነዳው ከብት ሳይኖረው፣ ዳገቱን በጭንቅ ወጥቶ ሲያበቃ ዞር ዞር ብሎ አይቶ መልሶ የሚወርድ ሰው ከታየ ነገሩ መጣራት አለበት። ሰዉ ደግሞ ጨዋ ነው፤ «እብድ ናችሁ ወይ?» አይልም። ሰላምታውን አድርሶ፣ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ምን ጠፋባችሁ?» ይላል።

ይህን ጥያቄ የሚመልስ የአዲስ አበባ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሃይኪንግ የሚሉት ነገር ከተማችን ከገባ ወዲህ እሁድ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መገናኛ ብትሄዱ ሚኒባስ ከብቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ታገኛላችሁ። የማያውቅ ሰው የግሸን ማርያም ተጓዥ ይመስለዋል። እንጦጦ፣ መናገሻ፣ ዝቋላ፣ ወንጪ ተዳርሰዋል። ወላጆቻችን በእግራቸው ኳትነው አዲስ አበባ የገቡት ዳግመኛ በእግራቸው ላለመሄድ ነበር፤ እኛ ደግሞ በመኪና እስከ ተራራው ሥር ሄደን፣ ከዚያ በእግር እንድንሄድ ለሚፈቅድልን ሰው እንከፍላለን። እናቴ ተራራ ልወጣ ነው ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ታቦቱ የማን እንደሆነ ነው። ታቦት የለም አልኳት። ዝም አለች። ቆየት ብላ «ሥራ ፈቶች» አለችና የገብስ ቆሎ ቋጠረችልኝ።

ጓሳን የመረጥነው ጸጥታው ተወርቶልን ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱን አልፎ ጣርማበር ሲደርሱ፣ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ከመግባት ይልቅ ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞ በኩል የመሐል ሜዳን መንገድ መያዝ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው ይቀንሳል፣ ዛፉ ይቀንሳል፣ የሚኒባሱም ሙዚቃ በገዛ ፈቃዱ ይቀንሳል። ጓሳ መሐል ሜዳ ከመድረሱ በፊት ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሣርና የቁጥቋጦ አገር ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ በድንገት ያበቃና ገደል ይሆናል፤ ጭጋጉ ሲገለጥ ቁልቁል የሚታየው ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ዕጣው ሁለት ነው። በምዕራብ በኩል የወደቀው በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባና ግብፅ ድረስ ክርክር ይከተለዋል። በምሥራቅ በኩል የወደቀው አዋሽን ይቀላቀልና አንድም ዲፕሎማት ሳያስቸግር፣ ባሕር ሳያይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

ተራራ ሲባል ሾጣጣ ነገር የጠበቀ ሰው ጓሳ ላይ ቅር ይለዋል። ኮረብታ ያልቃል ሲሉ ሌላ ኮረብታ ይመጣል፤ «ይኸው ወጣሁት» ብሎ ፎቶ የሚነሱበት አንድ ቁርጥ ያለ ጫፍ የለም። በበኩሌ አልቆጨኝም። ጫፍ ያለውን ራስ ደጀንን እንኳ ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን ሸምድደን ፈተና ካለፍንበት በኋላ 4,533 ነው ተባልን። 87ቱ ሜትር የት እንደገባ የነገረን የለም።

ከፍታ ነገር ላይ የአዲስ አበባ ሰው ትምክህተኛ ነው። 2,400 ሜትር ላይ ተወልዶ ያደገ፣ የሩጫ ጀግኖቹ አገር ልጅ፣ ስለ አየር መሳሳት ምክር የሚሰማበት ምክንያት አይታየውም። ጓሳ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ይህ ቁጥር ደግሞ የማንንም አገር ልጅነት አይጠይቅም። ከመሐላችን አንዱ ከመገናኛ ጀምሮ ስለ አገር ኢኮኖሚ ሲተነትን የመጣ ወዳጃችን ነበር። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ዓረፍተ ነገሮቹ አጠሩ። ሁለተኛው ላይ ቅጽሎቹ ቀሩ። ሦስተኛው ላይ በእጁ ምልክት ብቻ የብር ምንዛሪን ወደ ታች ያሳየን ጀመር።

ደክሞኛል ማለት ነውር ስለሆነ ሁላችንም የተፈጥሮ አድናቂ ሆንን። ጅብራ ባየን ቁጥር እንቆማለን። ምስጋና ይግባውና ጅብራ በሽበሽ ነው። ጅብራም በእርግጥ ሊቆሙለት የሚገባ ተክል ነው። ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ እየጨመረ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጥና፣ ቀኑ ሲደርስ ከመሐሉ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ ምሰሶ ያወጣል፤ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ቅጠሉን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ቡቃያውን ይሸፍናል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው መልሶ ይገልጣል። ይህን ሁሉ መሪያችን ነው ያስረዳን። መጀመሪያ በዝርዝር ነበር የሚነግረን፤ የምንቆመው ለጅብራው እንዳልሆነ ሲገባው ግን ማስረዳቱን ትቶ ዝም ብሎ ይጠብቀን ጀመር።

የመሪያችንን አካሄድ ልብ ብዬ ሳየው ነበር። እግሩ ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ላስቲኩ ተረከዙ ላይ ተቀዶ በሽቦ ተሰፍቷል። ዱላውን ትከሻው ላይ በአግድም አድርጎ ሁለት እጁን ሰቅሎበታል። እርምጃው አጭር ናት፤ ዳገትም ሜዳም ላይ አትለወጥም። እኛ እንፈጥናለን፣ እንቆማለን፣ እናለከልካለን፣ እንደገና እንፈጥናለን። እሱ አይፈጥንም፣ አይቆምም፤ ሁልጊዜም ፊት ነው። ከኛ ውስጥ አንዱ ውጭ አገር ያለ እኅቱ የላከችለት፣ የሚተጣጠፍ፣ እጀታው ላይ ኮምፓስ ያለው የአሉሚኒየም ምርኩዝ ነበረው። መሪያችን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ በሁለት ጣቱ ክብደቱን መዘነና «ውሻ ቢመጣ ምን ታደርግበታለህ?» ብሎ መለሰለት።

ሽማግሌውን ያገኘናቸው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበው፣ ሦስት በጎች ከፊት አስቀድመው፣ ከማዶ ገና ሲያዩን ቆሙ። መንዝ ላይ ሰላምታ ቸኩሎ አያውቅም። እንደምን አደራችሁ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ፣ አገሩ ሰላም ነው ወይ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ አዲስ አበባስ እንዴት ናት፤ ለያንዳንዱ እግዚአብሔር ይመስገን ስንል ትንፋሻችን ተመለሰ። ከዚያ የሚጠበቀው መጣ።

«ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?»

«ምንም አልጠፋብንም አባባ። እየተጓዝን ነው።»

«ወዴት?»

«ወደዚያ ኮረብታ።»

«እዚያ ማን አላችሁ?»

«ማንም የለን።»

«እሺ፣ ደርሳችሁስ?»

«እንመለሳለን።»

ሽማግሌው መሪያችንን አዩት። መሪያችን ኮንጎውን አየ። የሚኖረው ከሳቸው ጋር እንጂ ከኛ ጋር አይደለምና አልፈረድኩበትም።

ባንክ የምትሠራ ጓደኛችን ነገሩን ልታቃና ገባች። «ለጤና ነው አባባ፤ ሐኪም በእግር ሂዱ ይላል።» የሽማግሌው ፊት ወዲያው ተለወጠ። «አዬ ጉድ! ታማችኋል ለካ።» ደኅና ነን፣ እንዳንታመም ነው ብትላቸው ማን ይስማት። «ይማራችሁ፣ ይማራችሁ» እያሉ ፀበሉ በየት በኩል እንደሆነ በዱላቸው አሳዩን። ጥቂት እንደራቁ ግን አልሆነላቸውም፤ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «በቅሎ ከሆነችም አትፈሩ ንገሩኝ! ትናንት ማታ አንዲት ዳማ ወደ ገደሉ ስትወርድ ታይታለች!» አሉን።

ይህን የወሬ ጥማት አድርጎ የሚወስድ ሰው የጓሳን ታሪክ አያውቅም። እዚህ ተራራ ላይ «ምን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ የቆየ የሥራ መደብ ነው። የአገሩ ሰው እንደሚተርከው መሬቱን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ናቸው፤ ወሰናቸውንም በፈረስ ግልቢያ ለዩ ይባላል። ጌራ ዛሬም ወረዳ ሆኖ ስሙ ይጠራል። ዘሮቻቸው ደግሞ 400 ዓመት ገደማ የኖረ ሥርዓት አቆሙ፤ ስሙ ቄሮ ነው (ሌላ ቄሮ ያሰበ አንባቢ ካለ ይመለስ፤ ይኼ ሣር ጠባቂው ነው)። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል፣ ሰዉ በየአጥቢያው ተራ ገብቶ ተራራውን ይጠብቃል፣ ጓሳው ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ማጨድ የለም፣ ማገዶ መልቀም የለም፣ ከብት ማስገባት የለም። ሣሩ በቂ ሲሆን አለቆቹ ይመክሩና በበጋ ይከፈታል። ያኔ አገር ምድሩ ማጭዱን ይዞ ይወጣል።

ሣር ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ እንዳይኖር። ጓሳ ማለት የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ፍራሽ ነው፣ እረኛው በክረምት የሚለብሳት ጌሳ ናት። መሪያችን ዱላውን ሳያወርድ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ነቀለና መዳፉ ላይ አሸት አሸት አድርጎ ሲያከረው፣ ወሬያችንን ሳንጨርስ ጠብደል ያለ ገመድ ሆኖ ወጣ። ሁለት ሰው ይዘን ብንጎትተው አልበጠስ አለን። እኛ ገመድ የምናውቀው ከሱቅ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮውም ከነርስቱ አብሮ ፈረሰ። ግን ጥበቃው ጨርሶ አልሞተም። ኋላ ሰዉ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመው፤ ዛሬም ጓሳን የሚጠብቀው ራሱ ማኅበረሰቡ ነው። ጸጥታ ፍለጋ ከአዲስ አበባ የሄድነው ሰዎች ጸጥታው እዚያ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነበር የሚመስለን። አይደለም። ምርጥ መሬት ነው፤ አራሽም ከብት አርቢም የሚጎመጀው መሬት ነው። ባዶ የሆነው ሰው ጠፍቶ ሳይሆን ሰው ሰውን «ወዴት?» እያለ ሲመልስ ስለኖረ ነው። ሽማግሌው እኛን አስቁመው ሲመረምሩን የአባቶቻቸውን ሥራ እየሠሩ ነበር፤ ያለ ደመወዝ፣ በሦስት በግ ታጅበው።

በዚህ ጥበቃ ከሁሉ በላይ የተጠቀመው ቀይ ቀበሮ ይመስለኛል። በዓለም ላይ ያለው ቁጥር 500 ገደማ ነው፤ ሁሉም እኛው አገር፣ ሁሉም ደጋ ላይ። ኑሮው በአይጥ ነው። ጓሳ ላይ ያለው ግን አንድ ብልሃት ለምዷል። ጠዋት ጭላዳዎቹ ከሚያድሩበት ገደል ወጥተው በመቶ የሚቆጠር መንጋ ሆነው ሣር ሲግጡ (ዝንጀሮ ሆኖ በሣር የሚኖር ከጭላዳ ሌላ የለም) ቀበሮው መሐላቸው ይገባል። ሲገባ ልብ ብሎ ላየው ሰው ያስቃል። ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ፊት ለፊት አያይም፣ ጠጋ ያለ ግልገል ቢኖር እንኳ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። አበዳሪው ያለበት ሰርግ ቤት የገባ ሰው ነው የሚመስለው። ጭላዳዎቹም ይንቁታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት እንደሚለው ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ ነው የሚሳካለት፤ ጭላዳ መሐል ሲሆን ግን 67 ጊዜ። አይጦቹ ለምን እንደሚዘናጉ የሚያጣላ ነገር ነው። ጭላዳዎቹ ሲግጡ ያስደነብሯቸዋል የሚል ግምት አለ፤ በመንጋው ግርግር የቀበሮው ኮቴ ይጠፋቸዋል የሚልም አለ።

ይህን ቁጥር ለማግኘት ሳይንቲስቶቹ ከዝንጀሮ ኋላ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ዓመት ከዓመት ሲሄዱ ኖሩ። የጭላዳው ጥናት ጓሳ ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የአገሩ ሰው መጀመሪያ ሰሞን ሲያያቸው ምን ጠፍቷቸዋል ብሎ እንደገመተ አላውቅም፤ በቅሎ ግን እንዳይመስላችሁ። ለአንዲት በቅሎ ይህን ያህል ዓመት የሚፈልግ የለም።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛችን ስልኳን አጣች። ባንክ የምትሠራዋ ናት። ኪስ ተፈተሸ፣ ቦርሳ ተራገፈ፣ የለም። ደወልንላት፤ ድምፁን አጥፍታዋለች። አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ስናጎነብስ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ነገርናት። ሸክሟን አውርዳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ማዶ አንድ ጊዜ ተጣራች። ከማዶ እረኛ መለሰላት። እረኛው ዞሮ ወደ ሸለቆው ተጣራ፣ ከሸለቆው ሌላ ድምፅ ተቀበለው። ሰው የለበትም ባልነው ኮረብታ ላይ ከየቁጥቋጦው ሥር ሰው ወጣ። ልጆች፣ ሴቶች፣ ማጭድ የያዙ ጎረምሶች፣ ከሁሉም ፊት ፊት የጠዋቱ ሽማግሌ ያለ በጎቻቸው። ጥያቄውም በሥርዓት ተጀመረ።

«ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር።»

«ምልክት አለው?»

«አንድ ጥጉ ተሰንጥቋል።»

«በስተመጨረሻ የታየው የት ላይ ነው?»

ሰዉ ተራራውን ተከፋፍሎ በሰልፍ ወረደ። ለጠፋ ወይፈን የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። ብዙም አልቆየ፤ ስምንት ዓመት የማይሞላው አንድ እረኛ፣ ጌሳው ከሱ የሚበልጥ፣ ጓደኛችን ፎቶ ስትነሳበት ከነበረ ጅብራ ሥር ስልኩን አንስቶ ብቅ አለ። እልልታ ሆነ። ገንዘብ ብትሰጠው አልቀበል ብሎ ሽማግሌው ኋላ ተደበቀ። በመጨረሻ በብስኩት ታረቀ።

ሽማግሌው ግን እፎይ ያሉት ከሁሉም በላይ ነው። ነገሩ ቦታ ቦታውን ያዘላቸው። ከጠዋት ጀምሮ ዳገት ቁልቁለት ስንል የዋልነው፣ የደበቅናቸው፣ ሕመም ያስመሰልነው ሁሉ አሁን ተፈታ። ጓደኛችንን ትከሻዋን መታ መታ አድርገው በትንሽ ወቀሳ፣ «ምነው ልጄ፣ ጠዋት ስጠይቅሽ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሏት።

ማታው ብርድ ነበር፤ ስለ ብርዱ ብዙ ባልል ይሻላል። ኅዳር ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ሲነጋ ሣሩ ነጭ ነው። ማደሪያው ተራ ነገር ነው፣ እሳቱ ግን ጥሩ ነው። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ ምስሩ አልበስል ብሎ ሲያስጠብቀን አመሸ፤ ቡናውም ሲንተከተክ አይተነው ሲቀዳ ለብ ያለ ነው። ኢኮኖሚስታችን ንግግሩ ተመልሶለት ነበር። ከውጭ አገር የመጣ፣ ለዜሮ ዲግሪ የተሠራ የተባለ የመኝታ ከረጢት ያመጣም ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ መሪያችንን ቀስቅሶ ባና ተዋሰ። የመንዝ በግ ጠጉር እንደ ልስላሴ አይታማም፣ ይኮሰኩሳል፤ ግን ማንም ሲያጉረመርም አልሰማሁም።

ከዚያ በፊት እሳት ዙሪያ ተቀምጠን መሪያችንን አዲስ አበባን ያውቃት እንደሆነ ጠየቅነው። አንድ ጊዜ መጥቷል፤ የታመመ ወንድሙን ሊጠይቅ። አውቶቡሱ ላምበረት አወረደው። ወንድሙ መርካቶ አካባቢ ነው የሚኖረው፤ በእግሩ ሄደ።

«እንዴት አገኘሃት?» አልነው።

አንገቱን ነቀነቀ። «ከላምበረት እስከ መርካቶ ስሄድ አንድ ሰው፣ ማን ነህ፣ ወዴት ነህ፣ ምን ፈለግህ ያለኝ የለም» አለ። ቅር እንዳለው ያስታውቃል። «ሌባ ብሆንስ? የሞተብኝ ሰው ቢኖርስ?»

ለዚህ የሚመልስ ከመሐላችን አልተገኘም። ኢኮኖሚስታችን ብቻ እሳቱን እየቆሰቆሰ፣ ከልቡ ተገርሞ፣ ታክሲ እያለ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ለምን እንደሄደ ጠየቀው።

«ሰልፉን አይቼ» አለ መሪያችን።